በገንዘብ ተማምነን በሥራ ለምን እንጠራጠራለን?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይቀንሳል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በሥራ ባልደረቦች መካከል ስለሚኖር መተማመን ይሆናል። መተማመን በምን ይቆማል? ምንስ ያፈርሰዋል? ከፈረሰ በኋላ መልሶ ማቆም ይቻላል ወይ? እነዚህን ጥያቄዎች በየተራ እናያቸዋለን።

ሐሳባችን በአየር ላይ እንዳይቀር ሰፈር እንስጠው፤ አስኮን እንያዝ። ከፒያሳና ከመርካቶ የሚመጣው መንገድ ዊንጌትን አልፎ አስኮ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ቡራዩ፣ ወደ ሆለታና ወደ አምቦ ይቀጥላል። የአዲስ አበባ ምዕራባዊ መውጫ በመሆኑ ከወለጋ የመጣው፣ ከጎጃም የመጣው፣ ከጉራጌ የመጣው፣ እዚያው ተወልዶ ያደገውም በአንድ ግቢ ውስጥ ተገናኝቶ ይሠራል። የጫማ ሥራው፣ ጋራዡ፣ የብረታ ብረት ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ታክሲው ሁሉ በእነዚህ ሰዎች እጅ ይንቀሳቀሳል።

እንግዲህ አድማጮቼ፣ እንዲህ ካለው የሥራ ቦታ ወደ አንዱ በደመወዝ ቀን እንግባ። ሠራተኛው ደመወዙን ከተቀበለ በኋላ ምን ያደርጋል? ብዙዎቹ የእቁባቸውን ይከፍላሉ። ገና ዓመት ያልሞላው አዲስ ሠራተኛ ሳይቀር ከደመወዙ ላይ ቆንጠር አድርጎ ለእቁቡ ጸሐፊ ያስረክባል። ዕጣው ለሌላ ሰው ይወጣል፤ እሱ ተራውን ይጠብቃል። ገንዘቤን ይክዱኛል ብሎ ሌሊት እንቅልፍ አያጣም።

በማግስቱ ጠዋት ግን እነዚሁ ሰዎች ማሽን ሲበላሽ ማን እንዳበላሸው አይነጋገሩም። አንዱ ሥራውን እንደማያደርስ ከሦስት ቀን በፊት ቢያውቅም አይናገርም። ሌላው ያልገባውን ነገር ቢጠይቅ የሚናቅ ስለሚመስለው ዝም ይላል። ብራቸውን አምነው የሚሰጣጡ ሰዎች ስህተታቸውን ይደባበቃሉ። ለምን? የዛሬው ውይይታችን መነሻም መድረሻም ይኸው ጥያቄ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

መልሱን ለማግኘት እቁብ እንዴት እንደሚሠራ እናስተውል። እቁብተኞች የሚተማመኑት ሁሉም የልብ ወዳጆች ስለሆኑ አይደለም። አንዳንዶቹ ከሰላምታ ያለፈ ቅርበት የላቸውም። የሚያስተማምናቸው ሥርዓቱ ነው። ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ። የሚከፈለው መጠንና የሚከፈልበት ቀን ቀድሞ ተነግሯል። ዕጣው የሚወጣው በሰው ፊት ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ያቀርባል። የዘገየ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል፤ ቅጣቱ ለወዳጅም ለባዕድም አንድ ነው። ችግር የገጠመው ሰው ደግሞ ለዳኛው ነግሮ ዕጣ ቢቀድምልኝ ብሎ የሚለምንበት፣ ሌሎችም ተመካክረው የሚፈቅዱበት አሠራር በብዙ እቁቦች ውስጥ አለ። ችግሩን መናገር አያዋርደውም፤ እንዲያውም ይጠቅመዋል።

ይህ መተማመን ከግቢ አልፎ ተቋም እስከ መሆን ደርሷል። በአገራችን የመጀመሪያው የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1964 በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት የሚውሉ ሰዎች ከደመወዛቸው እየቆጠቡ እርስ በርስ መበዳደር ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ የመምህራን፣ የፋብሪካ ሠራተኞችና የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራት በየቦታው ተተክለዋል። ስለዚህ የእኛ ሠራተኛ መተማመን አይችልም የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። እንችላለን፤ ስንችልም ኖረናል። የቀረን ነገር በገንዘብ ላይ ያቆምነውን ሥርዓት በሥራችን ላይም ማቆም ነው።

አሁን ደግሞ ተመራማሪዎች ስለዚህ ጉዳይ ምን እንደሚሉ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1995 ሜየር፣ ዴቪስና ሾርማን የተባሉ ሦስት ምሁራን በሥራ ቦታ መተማመን ላይ አንድ ጽሑፍ አሳተሙ። ሰው ሰውን የሚያምነው ሦስት ነገሮችን አይቶ ነው ይላሉ። የመጀመሪያው ችሎታ ነው፤ ይህ ሰው ሥራውን ያውቀዋል ወይ? ሁለተኛው በጎ አሳቢነት ነው፤ ለእኔ ክፉ አይመኝም ወይ? ሦስተኛው ቀጥተኛነት ነው፤ የሚናገረውና የሚያደርገው አንድ ነው ወይ?

ይህን ለመረዳት ከአስኮ መርካቶ የሚመላለስ ሚኒባስ ታክሲ ላይ ያሉ ሁለት ሰዎችን እናስብ፤ ሾፌሩንና ረዳቱን። ሾፌሩ ጠባብ ቦታ ላይ ወደ ኋላ ሲነዳ ረዳቱ ወርዶ "ና! ና! ና! በቃ!" ይለዋል። ሾፌሩ ከኋላው ያለውን ሁሉ ማየት አይችልም። ከኋላ ሕፃን ሊኖር ይችላል፣ ቦይ ሊኖር ይችላል፣ የሌላ ሰው መኪና ሊኖር ይችላል። እግሩን ከፍሬን ላይ የሚያነሳው በረዳቱ ድምፅ ነው። ስለዚህ ረዳቱ ርቀት መገመት መቻል አለበት፤ ችሎታ ማለት ይህ ነው። ሾፌሩ ችግር ላይ እንዳይወድቅ ከልቡ ማሰብ አለበት፤ ይህ በጎ አሳቢነት ነው። የቀኑን ገቢ ደግሞ ሳያጎድል ማስረከብ፣ የጎደለም ካለ ሳይጠየቅ ቀድሞ መናገር አለበት፤ ይህ ቀጥተኛነት ነው።

ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ምን እንደሚሆን ልብ በሉ። ታማኝ ሆኖ ሥራውን የማያውቅ ረዳት መኪናውን ያስገጫል። ሥራውን የሚያውቅ ግን የሚዋሽ ረዳት ሒሳቡን ያጎድላል። ሁለቱም ኖረውት ለሾፌሩ የማያዝን ረዳት ደግሞ ችግር እየመጣ እያየ ዝም ይላል። በመሥሪያ ቤታችንም "እሱን ማመን አይቻልም" ስንል ከሦስቱ የትኛውን ማለታችን እንደሆነ ለይተን ማወቅ ይገባናል። ችሎታ ያነሰው ሰው የሚያስፈልገው ሥልጠና ነው፤ ሌባ ተብሎ ሊጠራ አይገባም። ቃሉን የማይጠብቀው ሰው ደግሞ በሥልጠና ብቻ አይስተካከልም፤ ፊት ለፊት ሊነገረውና ቃሉን ሊጠየቅ ይገባል። ጉድለቱን ካልለየን መድኃኒቱንም አናገኝም።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ስህተት ጉዳይ እንመለስ። በጫማ ሥራ አንድ ጥንድ ጫማ በብዙ ሰዎች እጅ ያልፋል። ቆራጩ ቆዳውን ይቆርጣል፣ ሰፊው ይሰፋል፣ ሌላው በእግር ቅርጽ በተሠራው ፎርማ ላይ ይወጥረዋል፣ ቀጥሎ ሶሉ ይጣበቃል፣ በመጨረሻ ይጸዳል፣ ይወለወላል፣ በካርቶን ይታሸጋል። የአገራችን የበግና የፍየል ቆዳ ደግሞ እንደ ቅማል ባሉ በቆዳ ላይ በሚኖሩ ተባዮች ምክንያት የሚመጣ እከክ የሚባል ችግር አለበት። የእከኩ ምልክት ሁልጊዜ በግልጽ አይታይም፤ አንዳንዱ ቆዳው ከለፋ በኋላ ነው የሚወጣው።

እንበልና ቆራጩ ከቆረጠ በኋላ በቆዳው ላይ እንከን አየ። ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው "ይህ ቁራጭ ተበላሽቷል፣ በሌላ እንተካው" ብሎ መናገር ነው። ያኔ የሚጠፋው ቁራጭ ቆዳ ብቻ ነው። ሁለተኛው ዝም ብሎ ማሳለፍ ነው። ያኔ ሰፊው ጊዜውን ያጠፋበታል፣ ወጣሪው ሲወጥረው ይቀደዳል፤ ወይም ሳይቀደድ ገበያ ይደርስና ገዢው መልሶ ያመጣዋል። የክር፣ የሙጫ፣ የጉልበትና የስም ኪሳራ ይከተላል። ከዚያም ሰፊው ወጣሪውን፣ ወጣሪው ሰፊውን ይወቅሳል። እውነቱን የሚያውቀው ቆራጩ ብቻ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ማንንም አያምንም።

ቆራጩ ለምን ዝም አለ? ክፉ ሰው ስለሆነ ነው ብለን እንዳንቸኩል። ብዙ ጊዜ ዝም የሚለው ባለፈው የተናገረ ሰው ምን እንደደረሰበት ስላየ ነው። "አየሁት" ያለው ሰው በሰው ፊት ከተሰደበ፣ ከደመወዙ ከተቆረጠ፣ ዝም ያለው ደግሞ ከተመሰገነ፣ ሠራተኛው ሁሉ ትምህርቱን ወስዷል። በእቁብ ውስጥ ችግሩን የተናገረ ሰው ይረዳል፤ በሥራ ላይ ችግሩን የተናገረ ሰው ይቀጣል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

በዚህ ነገር ላይ ኤሚ ኤድመንድሰን የተባለች የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ያገኘችው ውጤት ብዙ ያስተምራል። በሁለት ሆስፒታሎች የሚሠሩ የነርሶች ቡድኖችን አጠናች። የጠበቀችው ጥሩ አመራርና ጥሩ ግንኙነት ያለው ቡድን በመድኃኒት አሰጣጥ ላይ ጥቂት ስህተት እንደሚያሳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተመችው ውጤት ግን የተገላቢጦሽ ሆነ፤ በጥሩዎቹ ቡድኖች ውስጥ የተመዘገበው ስህተት በልጦ ተገኘ። ነገሩን ስትመረምረው ምክንያቱ ተገለጠላት። በጥሩዎቹ ቡድኖች ውስጥ ሰዎች ስህተታቸውን ይናገራሉ፣ ይመዘግባሉ፣ ይማሩበታል። በሌሎቹ ግን በፍርሃት ይደበቃል። ከሦስት ዓመት በኋላ በአንድ የማምረቻ ድርጅት ውስጥ 51 የሥራ ቡድኖችን አጥንታ፣ ሳይፈራ የሚጠይቅና የሚናገር ቡድን በደንብ እንደሚማርና ሥራውም እንደሚሻሻል አሳየች።

የክፍል ኃላፊዎች፣ ፎርማኖችና ርእሳነ መምህራን ይህን ነገር ልብ በሉልኝ። በእናንተ ክፍል ስለ ስህተት ምንም ወሬ የማይሰማ ከሆነ ክፍሉ ስህተት የለበትም ማለት ላይሆን ይችላል። ምናልባት ሰዎች ለእናንተ መናገር ፈርተዋል።

ታዲያ ሁሉም ስህተት ይታለፍ ማለታችን ነው? አይደለም። በቸልተኝነት የተደጋገመ ጥፋት፣ ስርቆት፣ ሆን ተብሎ የተሠራ ተንኮል ቅጣት ይገባዋል። ነገር ግን ሠርቶ የተሳሳተውና ወዲያው የተናገረው ሰው ከደበቀው ሰው ጋር እኩል መታየት የለበትም። ይህ ልዩነት ቀድሞ ተነግሮ፣ ለሁሉም እኩል ከተሠራበት፣ ሠራተኛው የእቁቡን ደንብ እንደሚያምን የሥራውንም ደንብ ያምናል።

(አጭር ሙዚቃ)

ቀጥለን መተማመንን የሚያፈርሱ ሌሎች ነገሮችን እንይ። ዋነኛው ሐሜት ነው። አበው "ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት" ይላሉ። ባልደረባችሁ ስለ ሌላ ባልደረባ መጥፎ ነገር ሲነግራችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፤ "ይህን ለእሱ ነግረኸዋል ወይ?" በሉት። ካልነገረው "አብረን ሄደን እንንገረው" በሉ። ይህችን ጥያቄ የለመደ ክፍል ውስጥ ሐሜት ቦታ ያጣል። ደግሞም አንድ እውነት አለ፤ ወደ እናንተ የሰው ወሬ የሚያመጣ ሰው የእናንተንም ወደ ሌላ እንደሚወስድ ልባችሁ ያውቀዋል።

ሁለተኛው በወገን መሰባሰብ ነው። አስኮን በመሰለ የተለያየ ሰው በሚሠራበት ቦታ የአገር ልጅ ከአገር ልጁ ጋር መጫወቱ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ማውራቱ የተፈጥሮ ነው፤ ማንም ሊከለክለው አይገባም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የሥራ ጉዳይ ላይ ነው። ሦስት ሰዎች ስለ ማሽኑ እየተነጋገሩ አራተኛው በማይሰማው ቋንቋ ከቀጠሉ፣ አራተኛው ሰው ስለ እኔ ይሆን ብሎ መጠርጠሩ አይቀርም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የሥራው ወሬ ሁሉም በሚሰማው ቋንቋ ይሁን፣ ያለፈውንም "እንዲህ ስንል ነበር" ብላችሁ ንገሩት። የትርፍ ሰዓት ሥራ፣ ዕድገትና ሥልጠና ሲከፋፈልም መስፈርቱ ለሁሉም በግልጽ ይነገር። ለወገን ያደላ አንድ ውሳኔ ለዓመታት የተሠራ መተማመንን ያፈርሳል።

ሦስተኛው የርክክብ ጉድለት ነው። የጠዋቱ ፈረቃ ለከሰዓቱ፣ የቀን ተረኛ ለሌሊት ተረኛ ሲያስረክብ ሳይናገር የሚወጣ ሰው አለ። ርክክብ ላይ ሦስት ነገር ይነገር፤ የተጠናቀቀው፣ ያልተጠናቀቀውና የሚያሠጋው። "ማሽኑ ዛሬ ሁለት ጊዜ ሞቋል፣ ተጠንቀቅ" የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር የባልደረባን ጣት ልታድን ትችላለች። ነርስ ለነርስ፣ ጥበቃ ለጥበቃ፣ ገንዘብ ተቀባይ ለገንዘብ ተቀባይ ይኸው ይሠራል። ቃል ብቻም አይበቃም፤ በመዝገብ ላይ ይስፈር። መዝገብ መያዝ አለመተማመን የሚመስለው ሰው ካለ የእቁቡን ጸሐፊ ያስታውስ። መዝገቡ ንጹሑን ሰው ከጥርጣሬ ይጠብቀዋል።

ሕጋችንም በዚህ በኩል ይደግፈናል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ አደጋ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል ሠራተኛው የራሱን ደኅንነት አደጋ ላይ ሳይጥል ተገቢውን ዕርዳታ እንዲሰጥ ግዴታ ይጥላል። አሠሪው ደግሞ የሥራ ላይ ደኅንነትና ጤንነት ኮሚቴ እንዲያቋቁም ይጠይቃል። ይህ ኮሚቴ የወረቀት ላይ ስም ሆኖ እንዳይቀር አደራ እላለሁ። ሠራተኛ ያለ ፍርሃት "እዚህ ቦታ ላይ አደጋ ይታየኛል" የሚልበት መድረክ ሊሆን ይችላል። በዚሁ አዋጅ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። አዲስ ሠራተኛ በእነዚህ ቀናት የሚያየውን ነገር አይረሳም። ሲጠይቅ ከተሳቀበት መጠየቅ ያቆማል፤ በትዕግሥት ከተመለሰለት ነገ እሱም ለሌላው እንዲሁ ያደርጋል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ከባዱ ጥያቄ ላይ ደርሰናል፤ መተማመን ከፈረሰ በኋላ ምን ይደረግ? "እባብ ያየ በልጥ በረየ" እንዲሉ፣ አንድ ጊዜ የተጎዳ ሰው ከዚያ በኋላ ጥቂቱ ነገር ሁሉ ያስደነግጠዋል። የበደለው ሰው ይህን መቀበል አለበት። "ይቅርታ ጠየቅኩ፣ አለቀ" ብሎ በማግስቱ እንደ ድሮው መታመን መፈለግ ትክክል አይደለም።

ይቅርታ ሲጠየቅ ነገሩ በግልጽ ይጠራ። "ያጠፋሁት ካለ ይቅር በለኝ" የሚለው ንግግር ጥፋቱን አይነካም። "ትናንት አንተ የሠራኸውን ሥራ ለአለቃችን የእኔ አድርጌ አቅርቤአለሁ፤ ምስጋናህን ወስጄብሃለሁ፤ ዛሬ አብረን ገብተን እውነቱን እነግራቸዋለሁ" የሚለው ግን ያክማል። በደሉ ተጠርቷል፣ የጎዳው ነገር ተነግሯል፣ የሚስተካከልበት መንገድም ቀርቧል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የተባለውን ማድረግና ደጋግሞ ማሳየት ነው። ጉዳዩ ለሁለቱ ከከበደ የሚከበር አንድ ነባር ሠራተኛ ወይም የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ ይግባበት። ሽምግልና በሰፈር እንደሚሠራ በሥራ ቦታም ይሠራል፤ ሁለቱም ወገን ተሰምቶ፣ የተስማሙበት ነገር በግልጽ ከተቀመጠ።

የተበደለውም ሰው ድርሻ አለው። ሰውየው ለመታረም ሲነሳ ትንሽ ዕድል ይስጠው። መጀመሪያ በትንሽ ነገር ይመነው፤ ቃሉን ከጠበቀ ተለቅ ባለ ነገር። ትዕግሥት ማለት ዓይንን ጨፍኖ ማመን አይደለም። እያዩ፣ እየመዘኑ መቅረብ ነው።

አድማጮቼ፣ ከዝግጅቱ ስትወጡ በተግባር የምትሞክሯቸው ነገሮች ይዛችሁ እንድትሄዱ እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ በዚህ ሳምንት በሰዓቱ ማድረስ የማትችሉት ሥራ ካለ ቀኑ ከመድረሱ በፊት ለሚጠብቃችሁ ሰው ንገሩት። "አልደርስም" ብቻ አትበሉ፤ "ሐሙስ ሳይሆን ቅዳሜ አደርሳለሁ፣ ምክንያቱም ይህ ነው" በሉ። ሁለተኛ፣ ያልገባችሁን አንድ ነገር ባልደረባችሁን ጠይቁ። የጠየቃችሁት ሰው ዕውቀቱ እንደተከበረለት ይሰማዋል፤ እናንተም ትማራላችሁ። ሦስተኛ፣ ሌላ ሰው የሠራውን መልካም ሥራ አለቃ ባለበት በስሙ ጠርታችሁ መስክሩ። አራተኛ፣ ኃላፊ የሆናችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ የራሳችሁን አንድ የተሳሳተ ውሳኔ አንስታችሁ ምን እንደተማራችሁበት ተናገሩ። ከዚያም ስህተቱን አይቶ ቀድሞ የተናገረ ሠራተኛ ካለ በሁሉም ፊት አመስግኑት። አለቃ ሲጀምር ሌላው ይከተላል።

መተማመን የሰው ጠባይ ብቻ ነው ብለን ካሰብን ጥሩ ሰው እስኪመጣልን ስንጠብቅ እንኖራለን። ሥርዓትም ነው ካልን ግን ዛሬ መጀመር እንችላለን። ደንቡን አብረን እናውጣ፣ ለሁሉም እኩል እንሥራበት፣ ችግሩን ቀድሞ የተናገረውን እንርዳው። በደመወዝ ቀን የምናውቅበትን ነገር በሌሎቹም የሥራ ቀናት እናድርገው።



(የመውጫ ሙዚቃ)